ስልኬ በር በበር ሆነ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እኔና እማዬ በር ዘግተን ነው የከረምነው፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ምን እንደምንሆን እኛው ነን የምናውቀው። ይሄው ዓመታት አልፈው አሁንም ሞተር ሳይክል ድው ካለ ልቤ ትዘላለች፣ እንቅልፍም የለኝም። እና በቃ በሞባይሌ በር ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ፣ የጎረቤት በር፣ ፒያሳ የሱቅ በር፣ የቆርቆሮ በር፣ ጋለሪዬ ሙሉ በር ሆነ። ሳነሳ ቀለል ይለኛል። ወንድሜ ግን ቁስል አትነካኪ አጥፊው ይለኛል። እማዬ ስለዛ ጊዜ ትንፍሽ አትልም፣ እሷንም እያነሳሁ ላስወራት አስቤ ነበር፣ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ምንም እንዳታጠፊ። ወንድምሽ አዝኖልሽ ነው እንጂ ክፋት የለበትም፣ ግን እኔ የማየው ሌላ ነው። ያኔ በሩ ሲንኳኳ መክፈትም አለመክፈትም በእጅሽ አልነበረም፣ አሁን ግን የት እንደምትቆሚ፣ ምን ያህል እንደምትጠጊ፣ መቼ እንደምትጫኚና መቼ ትተሽ እንደምትሄጂ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፣ ቀለል የሚልሽ ለዚህ ይመስለኛል። ጆ ስፔንስ የምትባል እንግሊዛዊት ፎቶግራፈር ነበረች፣ በፈረንጅ 1982 የጡት ካንሰር ሲገኝባት ሐኪሞቹ ሰውነቷን እንደ ዕቃ ሲያገላብጡት አልቻለችም፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ጡቷ ላይ የኔ ንብረት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ጽፋ ፎቶ ተነሳች፣ በኋላም ከጓደኛዋ ጋር በፎቶ ራስን ማከም ላይ ብዙ ሠራች።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ማታ አልጋ ላይ ተኝተሽ ጋለሪውን ስታገላብጪ የምትብሺ ከሆነ ማታ አትክፈቺው። ስታነሺም ላብ ላብ ካለሽና ትንፋሽ ካጠረሽ ስልኩን ኪስሽ ክተቺ፣ እግርሽ መሬት መርገጡን እይ፣ በዛ ቀን ይብቃሽ። ደህና ስትሆኚ ደግሞ ዐሥሩን መርጠሽ ፎቶ ቤት አሳጥቢና በቀን ብርሃን መሬት ላይ ደርድሪያቸው፣ የትኛው ይቅደም የትኛው ይከተል ብለሽ። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ጭንቅላት ውስጥ ተበጣጥሶ ነው የሚቀመጠው፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ ሽታ፣ አንዱ በር፣ ስትደረድሪው ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ወሬ መሆን ይጀምራል፣ ያኔ ለምታምኛት አንዲት ሰው አሳያት።

እማን ግን ተያት። እኛ ወሎዬዎች እኮ በሰው ካሜራ መነሳት ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ በ1977 ጥቅምት ላይ ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም (ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች) የቀረጸውን ረሃብ ዓለም ሁሉ አይቶ አለቀሰ፣ እርዳታም መጣ፣ ያ መቼም አይካድም፣ ግን እነዛ እናቶች ልነሳ ወይ አልነሳ ብለው የመረጡ አይመስለኝም፣ ስማቸውንም የጠየቀ ብዙ አልነበረም፣ ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ስልኩን ለራሷ ስጫት። በፈረንጅ 90ዎቹ ቻይና ዩናን ውስጥ ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ኑሯቸውን ራሳቸው እንዲያነሱና እንዲያወሩበት ያደረጉ ተመራማሪዎች ነበሩ፣ ሐሳቡ ያው ነው። ቡና ተፈልቶ አቦሉም ቶናውም አልፎ በረካው ላይ ስትደርሱ፣ እማ እስቲ ደስ ያለሽን አንሺ በያት። ጀበናውን ብቻ ካነሳችም ጀበናው ይሁን። ያኔ ምን ሆነሽ ነበር አትበያት፣ ይሄን ለምን አነሳሽው በያትና ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ካላወራች አላወራች ነው።

ደሞ ፎቶ ሐኪም አይተካም። እንቅልፍ ማጣትና መደንገጥ ከወር ካለፈ መታየት አለበት ይባላል፣ ያንቺ ዓመታት ሆኖታል። ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፣ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እዛ ስትደርሺ አፍሽ ከተያዘ መጀመሪያ ያነሳሽውን በር አሳያቸው።