ሎሽኔ ተበላሸብኝ፣ ምን ላድርግ? ጥያቄና መልስ

ቤት ውስጥ ሎሽን ስለ መሥራት ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። አብዛኛው ብልሽት ይስተካከላል፤ የማይስተካከል አንድ አለ። እሱ ላይ ስደርስ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ትናንት በጣም ያምር ነበር። ዛሬ ስከፍተው ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ሆኗል። የንብ ሰም ጨምሬበታለሁ እኮ!

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ እሱ ነው። የንብ ሰም ያወፍራል እንጂ ብቻውን ውሃና ዘይትን አያዋህድም። የሚያዋህደው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ የሚባለው ነው። ሁለቱም ሰም ስለሚባሉ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ከጠቅላላው ክብደት 5 በመቶ ገደማ ይበቃል፤ ለ200 ግራም ሎሽን 10 ግራም ማለት ነው። በሚቀጥለው በዚህ ልክ ሥሪ።

ጥያቄ፦ እኔ ትክክለኛውን ዋክስ መዝኜ ነው የጨመርኩት። ግን እኔም ተለያየብኝ።

መልስ፦ ውሃውን ቀዝቃዛ አድርገህ ጨምረህ ይሆን? እንደዚያ ከሆነ የቀለጠው ሰም ሳይዋሃድ ይረጋል። ውሃውንም ዘይቱንም ለየብቻ 70 እስከ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርሳቸው፤ ከዚያ ቀላቅላቸው። በእጅ በሚያዝ ብሌንደር 20 ሰከንድ ያህል ምታ፣ በማንኪያ አማስል፣ ደግመህ ምታ። የብሌንደሩ ራስ ከፈሳሹ ብቅ ካለ አየር ያስገባል፣ ሎሽኑም አረፋ ይሞላል። ሲዋሃድ በዓይንህ ታየዋለህ፤ ቢጫ የነበረው ነገር ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል። እዚያ ላይ አታቁም። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልፎ አልፎ አማስለው።

ጥያቄ፦ አሁን ሠርቼ ጨረስኩ፤ ግን ቀጠነብኝ። ሰም ልጨምር?

መልስ፦ አትንኪው! እስከ ነገ ጠብቂ። ሎሽን ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እየወፈረ ነው የሚሄድ።

ጥያቄ፦ ስቀባው ነጭ ሆኖ ቆዳዬ ላይ ይቀራል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሰም ሲበዛ ነው። በሚቀጥለው ትንሽ ቀንሺ።

ጥያቄ፦ ውሃ የሌለው የሺአ በተር (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ) ቅባት ሠርቼ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ተበላሸ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሺአ በተር ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ አንዳንዱ ስቡ ቀድሞ ይረጋና እህል እህል ይሆናል። ጣትሽ ላይ ስታሺው ይቀልጣል አይደል? ሁሉንም እንደገና አቅልጪና ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ አቀዝቅዢው።

ጥያቄ፦ እንዳይበላሽ ቫይታሚን ኢ ጨምሬ ነበር። በ2 ሳምንቱ ክዳኑ ሥር ጥቁር ነጥብ አየሁ። ላዩን ጠርጌ ልጠቀም?

መልስ፦ በፍጹም። ሁሉንም ጣዪው። የማይስተካከለው ይሄ ነው። በዓይን የምታዪው ሻጋታ ጥቂቱ ነው፤ ውስጡ የማይታይ ባክቴሪያም ሊኖር ይችላል። ማሞቅም አያድነውም። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ አየር እያገኘው ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል እንጂ ባክቴሪያንም ሻጋታንም አይከላከልም። እኔም አንድ ጊዜ ትኩስ የእሬት ፈሳሽ ጨምሬ ሠርቼ በ6ኛው ቀን ሽታው ተቀየረብኝ። ጥሩ ሎሽን ነበር፤ አንጀቴ እያረረ ደፋሁት።

ውሃ ያለበት ሎሽን እውነተኛ ማቆያ፣ ማለትም ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳያድግ የሚከላከል ነገር ይፈልጋል። ለምሳሌ ፌኖክሲኢታኖል ያለበት ማቆያ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ለፌኖክሲኢታኖል የፈቀደው ጣሪያ 1 በመቶ ነው፤ በ200 ግራም ውስጥ 2 ግራም ብቻ። ይሄን በማንኪያ መገመት አይቻልም። 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያዢ። ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚጨመር ማሸጊያው ላይ አንብቢ፤ ብዙዎቹ ሎሽኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚገቡት።

ጥያቄ፦ ማቆያ አልፈልግም፤ ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃሽን ትንሽ ሥሪ። ካልሆነ ውሃውን ተዪና ዘይትና ሺአ በተር ብቻ ተጠቀሚ። እሱን ግን በእርጥብ እጅ አትንኪው፤ በደረቅ ማንኪያ እያወጣሽ ተቀቢ።