መልስ፦ የኤትና ቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙ ለምን ሳሳ?

ውሃ ተጨምሮበት ይሆን ብለህ ለጠየቅኸው፣ አይደለም። ኤትና በጣሊያኗ የሲሲሊ ደሴት ያለ እሳተ ገሞራ ነው፤ ወይኑም በተዳፋቱ ላይ ይበቅላል። ኔሬሎ ማስካሌዜ የተባለው የሲሲሊ ወይን ዝርያ ተፈጥሮው ነው፤ ቆዳው ብዙ ቀለም አይሰጥም። በኤትና ስም የሚሸጥ ቀይ ወይን ጠጅ ደግሞ ቢያንስ 80 በመቶው ከእርሱ መሆን አለበት። ብርጭቆውን ዘንበል ብታደርገው ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል፤ ስትጎነጨው ግን ድድህን ያዝ ያደርገዋል።

በሰሜኑ ተዳፋት እስከ 1000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ኮምጣጣነቱንም አያጣም። ለቀማው ብዙውን ጊዜ እስከ ጥቅምት ይዘገያል።

የእሳተ ገሞራው አፈር የጭስ ጣዕም ይሰጣል የሚሉትን እኔ አልቀበልም። ትልቁ ውለታው ሌላ ነው፤ አሸዋማነቱ ፊሎክሴራ ለተባለው ሥር አጥፊ ተባይ ስላልተመቸ፣ ተባዩን በሚቋቋም ሌላ የወይን ሥር ላይ ያልተቀጠሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ተክሎች ዛሬም ያፈራሉ።

ስትቀዳው ቀዝቀዝ ይበል፤ 16 ዲግሪ ይበቃዋል።