ማርሹ አይደለም፣ ፍሪሲዮኑ ነው አልለቅ ያለህ

ከሐሙሲት አንድ ወንድማችን የጻፈልኝን አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ጋሼ እንዴት ነህ፣ ያለችኝ ሞተርሳይክል ቦክሰር 150 ናት፣ ከባህር ዳር አሳ አመላልስባታለሁ። ማርሽ ሳስገባ ጓ ትላለች፣ ጠዋት አንደኛ ስነካ ዘላ ልትጥለኝ ነው የምትደርሰው፣ ትራፊክ አስቁሞኝ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት፣ ባዶ ቦታ) ስፈልግ ደግሞ በጭራሽ አላገኘውም፣ ሳጠፋት ግን እሺ ብላ ትገባለች። አንድ መካኒክ ድምፁን ይቀንሳል ብሎ ወፍራም የካምቢዮ (የመኪና ማርሽ ሳጥን) ዘይት ጨመረባት፣ ኬብልም ቀየረ፣ ጭራሽ ባሰባት። አሁን ማርሹ ተበልቷል ሞተሩ ይከፈት እያለኝ ነው፣ ላስከፍት ወይ?»

አታስከፍት። ቢያንስ አሁን አታስከፍት።

«ሳጠፋት እሺ ብላ ትገባለች» ያልካት ነገር ለኔ በቂ ናት። ጥርሱ የተበላ ወይም የሚገፋው ሹካ የተጣመመ ማርሽ ጠፍቶም ያስቸግራል፣ ሽቅብ ነዳጅ ስትሰጠው ደግሞ ማርሹን ይተፋዋል፣ ማለትም የገባው ማርሽ በራሱ ይወጣል። አንተ ማርሽ ይተፋል አላልክም። ስለዚህ የኔ ጥርጣሬ አንድ ነው፣ የግራ እጀታውን ጨብጠህም ፍሪሲዮኑ (ክላቹ፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ይቺን ነገር መካኒኮቻችን ራሱ ስለሚዘሏት ትንሽ ላብራራት። የመኪና ፍሪሲዮን ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ ያንተ ግን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖረው፣ ሞተሩም ፍሪሲዮኑም ማርሹም የሚጠጡት ያንኑ አንድ ዘይት ነው። ውስጡ ሸራና የብረት ላሜራ፣ ሸራና ላሜራ እየሆነ ተደራርቦ ሞላዎቹ ከላይ ጠፍረው ይይዙታል። እጀታውን ስትጨብጥ የሚጫናቸው ሳህን ከፍ የሚለው ሚሊ ሜትር ወይ ትንሽ በለጥ ነው፣ በቃ፣ ያቺው ናት ለሁሉም ሸራ የምትከፋፈለው፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የፀጉር ያህል ክፍተት ነው። ኬብሉ ከዛች ላይ ትንሽ ከሰረቀ ሸራዎቹ አይለያዩም። ላዩ ላይ ወፍራም ዘይት ስትጨምርበት ደግሞ በትኩሱ ተደራርቦ እንዳደረ እንጀራ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲያድር ደግሞ ይብስበታል። እንግዲህ ሞተሩ የማርሹን ዘንግ እያሽከረከረው አንተ ቆመህ አንደኛ ስታስገባ የሚሽከረከረው ከቆመው ጋር ይጋጫል፣ ጓ ያልከው እሱ ነው። ፎሌ የጠፋብህም ለዚሁ ነው፣ ማርሾቹ እየተገፉ ስለሆነ እርስ በርስ ተነካክሰው ይያዛሉ፣ በእግርህ ብትረግጠው አይላቀቅም። (አንደኛ ሲገባ ትንሽ ጠቅ ማለት ግን ያለ ነው፣ እሱ አያስጨንቅህ።)

ለማረጋገጥ ካቫሌቶ (የመሃል ማቆሚያው) ላይ አቁማት፣ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳ፣ አስነሳት፣ ሞቅ ትበል፣ እጀታውን እስከ ጥግ ጨብጠህ አንደኛ አስገባ። ጎማው ትንሽ ቢዞር ችግር የለውም፣ ፍሬን ቀስ ብለህ ስትረግጥ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ፍሬኑን ስትይዝ ሞተሩ ካቃሰተ ወይ ከጠፋ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። እና አደራ፣ ጎማው እየዞረ ካቴናው (ሰንሰለቱ) አጠገብ እጅህን እንዳታደርስ፣ ጨርቅም ቢሆን። የአሳ ውሃ እየተንጠባጠበበት ካቴናህ እንደሚዝግ አውቃለሁ፣ ሞተሩን አስነስቶ በጨርቅ የሚጠርግ ስንቱን አይቻለሁ፣ ጨርቁን ከጥርሱ ጋር ሲበላው ጣትም አብሮ ነው የሚሄደው። ካቴና የሚጠረገው ጠፍቶ፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ነው።

መጀመሪያ ዘይቱን ጣለው። የካምቢዮ ዘይት ሞተር ውስጥ መጨመር ምን የሚሉት ጥበብ ነው እኔ አይገባኝም፣ ድምፁን ለአንድ ሳምንት ያፍናል፣ ጦሱ ግን ለሞተሩም ይተርፋል። ሞቅ ስትል አፍስሰህ የሞተርሳይክል ዘይት ጨምር፣ ጣሳው ላይ ጄሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ፈልግ፣ ውፍረቱን የሞተርህ መመሪያ ላይ እንዳለው አድርግ። ኤምቢ የሚለው ለስኩተር ነው፣ ተወው። የመኪና ዘይትም ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ፣ አንዳንዱ የሚያንሸራትት ነገር ስላለበት ፍሪሲዮንህን ያንሸራትተዋል። የተፋሰሰውን ደግሞ እባክህ ጣና ዳር አትድፋው፣ እምቦጩ አይበቃውም እንዴ።

ቀጥሎ ኬብሉ። እጀታው ጫፍ ላይ ትንሽ ልቅ መሆን አለበት፣ ብዙ ሞተር ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያንተን መመሪያው ላይ እይ፣ ከዛ በላይ ከሆነ አይለቅም። ከላይ እጀታው ጋ ከታች ሞተሩ ጋ ማስተካከያ አለ፣ ትልቁን ሥራ ከታች ሥራና ከላይ ለጥቃቅኑ ተወው። ከዛ አንድ ሰው እጀታውን ይጨብጥልህ፣ አንተ የኬብሉን ሽፋን ተመልከት፣ ሲጨበጥ እንደ ቀስት ከጎበጠ ወይ ካጠረ ያ የተገዛልህ ርካሽ ኬብል ነው ጉልበቱን የሚበላብህ። እንዲህ ያለው በሳምንት ውስጥ ይለጠጣል፣ ልኩን ታስተካክላለህ ደግሞ ይለጠጣል። እጀታው የሚዞርበትን ቡሎንም ነቅንቀው፣ ቀዳዳው ተበልቶ ከሰፋ ከገመዱ በፊት እሱ ነው ሌባው። መሪውን ግራ ቀኝ ስታዞር ገመዱ ከተወጠረ መንገዱን ተሳስቶ ነው የገባው። ግን ጨርሰህ አታጥብቀው፣ ልቅነት ከሌለው ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ የቤዛዊትን ዳገት ጭነት ይዘህ ስትወጣ ትሰማዋለህ፣ ሞተሩ ይጮሃል ጎማው አይሄድም።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ካልለቀቀ ያኔ የቀኝ ካርተር (የሞተሩ የጎን ክዳን) ብቻ ይከፈት፣ ሞተሩ ለሁለት አይከፈልም። ላሜራዎቹን መስታወት ላይ አስቀምጠህ የተጣመመ ካለ እይ፣ ሸራዎቹ የሚንሸራተቱበት ቤት ጣቶች ላይ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ካለ ሸራዎቹ እዛ ውስጥ ይሰነቀራሉ፣ በጣም ቀላል ከሆነ በሞረድ ይለሰልሳል፣ ጥልቅ ከሆነ ቤቱ ይቀየር። አዲስ ሸራ ከገዛህ ከመግጠምህ በፊት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው፣ የሞላ ቡሎኖቹን በመስቀል ትንሽ ትንሽ እያልክ አጥብቅ። ጓርኒሲዮኑን (የክዳኑን መጋጠሚያ ማሸጊያ) ግዛ እንጂ ሲሊኮን እንዳያቦካልህ፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ የዘይቱን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ያኔ ከማርሽ ወደ ሞተር ቅየራ ልትሸጋገር ነው። ሲገጠም አስነስተህ ስትሞክርም ያው ነው፣ እጅህን ከካቴናው አርቅ፣ ልጆችም ካሉ አጠገቡ አይቁሙ።

የማርሽ ፔዳሉንም እግረ መንገድህን እየው፣ ጥርሱ ተልጦ የሚዞር ከሆነ ብየዳ አታስደርገው፣ ዘንጉ ላይ ከተበየደ ለመፍታት መጋዝ ነው የሚያስፈልግህ።

ይህን ሁሉ አድርገህ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ላይ ማርሽ መትፋት ከጀመረች ግን ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ያኔ ይከፈት። ሲከፈት አጠገቡ ቁም፣ ተቀየረ የተባለውንም አሮጌ እቃ በእጅህ ተቀበል።