ሙያሽን ከመቀየርሽ በፊት ማመልከቻዎችሽን ቁጠሪ

ሰላም እህቴ። በአካውንቲንግ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት እንደሆነሽ፣ ያለሽ ልምድ የአራት ወር ልምምድ ብቻ እንደሆነና 60 ቦታ አመልክተሽ የጠሩሽ ሁለት ብቻ እንደሆኑ ጽፈሽ «ሙያውን ትቼ ዳታ አናሊሲስ ልማር?» ብለሻል። «አይዞሽ፣ ቀንሽ ይመጣል» የሚልሽ ሰው አታጪም፤ እኔ ቀጥታ ወደ ቁጥሩ ልግባ። ከ60 ማመልከቻ ሁለት ጥሪ ብቻ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወረቀቱ ነው፣ ሙያው አይደለም። አመልክቶ አለመጠራት ከሲቪው ወይም ከቦታ አመራረጥ የሚመጣ ነው። ተጠርቶ መቅረት ደግሞ ከፈተናው ወይም ከቃለ መጠይቁ። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ሙያ ቀይረሽ ያንኑ ሲቪ ብትበትኚ ዝምታው ተከትሎሽ ይመጣል፣ ያውም ያቺን የአራት ወር ልምድ እንኳ ሳትይዢ።

1ኛ. ኤክሴል ክፈቺና 60ዎቹን መዝግቢ፦ ቀን፣ የሥራ መደቡ፣ የተጠየቀው ልምድ፣ ማስታወቂያውን ያገኘሽበት መንገድ፣ የላክሽው የትኛውን ሲቪ እንደሆነ፣ ውጤቱ። ከዚያ ከሦስት ዓመት በላይ ልምድ የጠየቁትን በፊልተር አውጪያቸው። ግማሹ ከወጣ ያመለከትሽው 30 ቦታ ነው ማለት ነው። ሁለት ዓመት የጠየቁትን ግን አትሰርዢ። ያ ብዙ ጊዜ የቀጣሪው ምኞት ነው፤ ከዝርዝሩ አብዛኛውን ካሟላሽ ላኪ። (ጀማሪ ፈልገው ልምድ የሚጠይቁት ሰዎች ጀማሪው ልምዱን ከየት እንደሚያመጣ ቢነግሩን ደስ ባለን።)

2ኛ. «የትኛውን ሲቪ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ከሆነ ዋጋ ያስከፈለሽን ስህተት አገኘሽው። «አካውንታንት» የሚለው ስም ብዙ ሥራ ይሸፍናል፦ ለአቅራቢዎች ክፍያ ማዘጋጀት፣ ከደንበኛ ሒሳብ መሰብሰብ፣ ፔይሮል (የሠራተኛ ደመወዝ ሥራ)፣ የማምረቻ ወጪ ስሌት፣ የዕቃ ሒሳብ። የፔይሮል ሰው የሚፈልግ ቀጣሪ ገጹ መጀመሪያ ላይ «ፔይሮል» የሚል ቃል ካላየ ወደ ታች አይወርድም። ማስታወቂያውን አትሚና ተግባር የሚገልጹትን ቃላት አስምሪባቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በእውነት የሠራሽውን በገጹ የመጀመሪያ ሲሶ ላይ በማስታወቂያው ቃል ጻፊ። «ዓላማዬ በአንድ ታላቅ ድርጅት ውስጥ…» የሚለውን አንቀጽ ጣዪው፤ ገጹ ላይ የያዘው ቦታ ለሌላ ያስፈልግሻል።

«በፋይናንስ ክፍል ተለማምጃለሁ» የሚል መስመር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። «በወር 120 የሚሆን የክፍያ ቫውቸር ከደጋፊ ሰነዱ ጋር አመሳክሬ መዝግቤያለሁ፤ የሁለት ባንክ ሒሳብ ሪኮንሲሌሽን ሠርቻለሁ» ቢል ግን ይነግረዋል (ሪኮንሲሌሽን የመዝገብን ቀሪ ከባንክ መግለጫ ጋር ማስታረቅ ነው)። ቁጥሩ የራስሽ እውነተኛ ቁጥር ይሁን፣ ምክንያቱም ጠያቂው መጀመሪያ የሚይዝሽ በሱ ነው።

የፋይሉን ነገር ሰው ይንቀዋል። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ሲቪን መጀመሪያ በሶፍትዌር ነው የሚያስነብቡት። በሁለት ዓምድ የተከፈለ ገጽ፣ በሳጥን ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ፣ በገጹ ራስጌ ላይ የተቀመጠ ስልክ ቁጥር ሲነበብ ሊዘበራረቅ ወይም ሊጠፋ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ፒዲኤፉን ክፈቺ፣ ሁሉንም ምረጪና ኮፒ አድርገሽ ባዶ ማስታወሻ ላይ ለጥፊው። ቅደም ተከተሉ ከተናጋ ወይም ስልክሽ ከጠፋ ሶፍትዌሩም የሚያየው ያንኑ ነው። ምንም ካልተለጠፈ ፋይልሽ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። የትምህርት ማስረጃዎችሽን በአንድ ፒዲኤፍ ሰብስቢያቸው እንጂ ዘጠኝ ፎቶ አትላኪ። የፋይሉ ስም ስምሽና የሥራ መደቡ ይሁን፤ «ሲቪ የመጨረሻ አዲስ 3» የሚል ፋይል ለሒሳብ ሥራ የሚያመለክት ሰው አያምርበትም።

3ኛ. የተግባር ፈተና። የተጠራሽባቸው ሁለቱ ቦታዎች እዚህ ላይ ጥለውሽ ከሆነ አይግረምሽ፤ ትምህርት ቤት ንድፈ ሐሳቡን እንጂ ስህተት ፍለጋውን እምብዛም አያስተምርም። የሚዘወተረው ጥያቄ ባንክ ሪኮንሲሌሽን ነው። ለምሳሌ የመዝገብ ቀሪ 48,600፣ የባንክ መግለጫ ቀሪ 52,350፣ ያልተመነዘሩ ቼኮች 5,200፣ ገቢ ተደርጎ መግለጫው ላይ ገና ያልታየ 1,300፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ 150። በባንኩ በኩል 52,350 ሲደመር 1,300 ሲቀነስ 5,200፣ 48,450 ይመጣል። በመዝገቡ በኩል 48,600 ሲቀነስ 150፣ ያው 48,450። እስከዚህ ሁሉም ይደርሳል። ወጥመዱ «የማስተካከያ ጆርናል አዘጋጂ» ሲሉሽ ነው። ጆርናል (መዝገቡን የሚያርም ምዝገባ) የሚሠራለት 150ው ብቻ ነው። ቼኮቹ ሲጻፉ፣ ገቢውም ሲገባ መዝገብሽ ላይ ሰፍረዋል፤ ድጋሚ ጆርናል ከሠራሽላቸው ሁለት ጊዜ መዘገብሻቸው።

ትራያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት የሒሳቦች ዝርዝር) አልታረቅ ሲል ከመደናገጥሽ በፊት ልዩነቱን ለ9 አካፍዪው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አኃዝ ተገለባብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ 7,540 በ7,450 ሲጻፍ ልዩነቱ 90 ነው። አለበለዚያ ለ2 አካፍዪና ግማሹን ፈልጊ፦ ልዩነቱ 600 ከሆነ በዴቢት ፈንታ ክሬዲት የገባ 300 ይኖር ይሆናል። ይህን በፈታኝ ፊት ስትሠሪ ሥራ የነካ እጅ እንዳለሽ ያውቃል።

ኤክሴሉ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ሆን ተብሎ ይደበቃል። አንዱ ቁጥር መስሎ በጽሑፍነት የተቀመጠ አኃዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሕዋሱ ውስጥ ወደ ግራ ይጠጋል፣ ድምር ስትሠሪ ይዘለላል፣ ውጤቱም ያንሳል። ሁለተኛው ቪሉክአፕ ነው፣ ከሰንጠረዥ ውስጥ ዋጋ ፈልጎ የሚያመጣው ፎርሙላ። አራተኛውን ቦታ ሳትጽፊ ከተውሽው ትክክለኛውን ሳይሆን ተቀራራቢውን ይፈልጋል፣ የተሳሳተ ዋጋም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሁልጊዜ 0 አስገቢበት። በኤክስሉክአፕ (በአዲሱ ተተኪው) ብቻ መሥራት የለመድሽ ከሆነ ደግሞ ፈተናው በኤክሴል 2016 ወይም 2019 ከመጣ የለም፤ ሁለቱንም እወቂ።

አሁን ዳታ አናሊሲስ። መማሩ ጥሩ ነው፣ መጥፎው አካውንቲንጉን ትቶ መማር ነው። ሥራ ሁለት ጎን አለው፦ የምትሠሪው ተግባርና የምትሠሪበት ዘርፍ። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይሪ። ትራያል ባላንስ አንብባ ሪፖርት ማውጣት የምትችል ሰው ለፋይናንስ ሪፖርት መደብ ከማንኛውም የሦስት ወር ሰርተፊኬት ባለቤት ትቀድማለች። ቅደም ተከተሉ ፒቮት ቴብል (ኤክሴል ውስጥ ብዙ ረድፍ ጠቅልሎ የሚያሳይ ሰንጠረዥ)፣ ከዚያ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ፤ ሰንጠረዥ ማጣመርና በቡድን መደመር እስኪለምድሽ)፣ ከዚያ ፓወር ቢአይ (ሪፖርት በገበታ ማሳያ ሶፍትዌር) ይሁን። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ይቆይሽ። ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ) ጀምሪ የሚሉሽም ይኖራሉ፤ 13 ፈተና አለው፣ በዲግሪሽ እስከ 9 ሊቀነስልሽ ይችላል፣ ግን አባል ለመሆን የ36 ወር የሥራ ልምድም ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራ ፍለጋውን አይተካልሽም።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነው። «ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለፎርም» ክፈዪ የሚልሽን ቀጣሪ ወይም አገናኝ ተይው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት በአንቀጽ 7 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሥራ ፈላጊ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይደነግጋል፤ የሚፈቀደው በመንግሥት ተለይቶ ሲወሰን ብቻ ነው። ኦርጅናል ዲግሪሽንም ለማንም ጥለሽ አትውጪ። አሳዪ፣ ያመሳክሩ፣ ይዘሽ ውጪ። «ነገ ውሰጂ» እያሉ ሰው የሚያመላልሱ ጸሐፊዎች ስንት ሰው ሌላ ቦታ እንዳያመለክት እንዳደረጉ እነሱ አያውቁትም፣ ቢያውቁም ግድ የላቸውም።

ለማንኛውም ስለ ሁለቱ ቦታዎች ሳትነግሪን አለፍሽ። ፈተና ነበረው ወይስ ቃለ መጠይቅ ብቻ? ለነሱ የላክሽው ሲቪስ ከሌሎቹ 58ቱ የተለየ ነበር? ያንን ጻፊልን።