ሎቢ አድራጊን መመዝገብ ብቻ ይበቃል ወይ?

እህታችን፣ «ሎቢ አድራጊዎች በሕግ ቢመዘገቡ መንግሥት ከስውር ተጽዕኖ ይጠበቃል ወይ?» ብለሽ ላነሳሽው፦ ሎቢ አድራጊ ማለት ሕግ ወይም ውሳኔ ለራሱ ወይም ለደንበኛው እንዲመች ባለሥልጣንን የሚያግባባ ነው። መዝገቡ የግድ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አያድንም።

መጀመሪያ የሚበላሸው «ማን ይመዝገብ?» የሚለው ላይ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ሕግ የሚመዘግበው ለደንበኛ ብሎ የሚወተውተውን አማካሪ ነው፤ የኩባንያው የራሱ ሠራተኛ ሚኒስትሩን ቢያነጋግር አይነካውም። ይህን እንዳለ ብንገለብጠው፣ ካዛንቺስ ሆቴል ቁጭ ብሎ ለሚኒስትር ዴኤታው ስለ ታክስ ረቂቅ የሚያስረዳው ሥራ አስኪያጅ ያመልጣል፤ የሚያዘው ትንሹ አማካሪ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጉዳይ የሚያልቀው ባብዛኛው በባለቤቱ፣ በዘመድና በቀድሞ ባለሥልጣን በኩል ነው።

የአየርላንድ የ2015 ሕግ (እ.ኤ.አ.) ይሻላል። ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ያካትታል፤ ሪፖርቱ በዓመት 3 ጊዜ፣ አራት አራቱ ወር ባለቀ በ21 ቀን ውስጥ ይገባል። ቅጹ ማን ለየትኛው ባለሥልጣን ስለ ምን እንደተናገረ፣ ምን ውጤት እንደፈለገም ይጠይቃል። ቁልፉ ይህ የመጨረሻው ነው። «ስለ ዘርፉ ችግሮች ተወያየን» ተብሎ ከተሞላ ቅጹ ባዶ ነው፤ «የረቂቁ አንቀጽ 12 በ2 ዓመት እንዲዘገይ ጠየቅን» ከተባለ ግን ማንም ጋዜጠኛ ረቂቁን ከጸደቀው አዋጅ ጋር ማስተያየት ይችላል።

ሁለተኛው መዝገብ የባለሥልጣኑ ነው። በቺሊ ባለሥልጣኑ ራሱ ቀጠሮውን፣ ጉዞውንና የተቀበለውን ስጦታ ያስመዘግባል። በአንዱ መዝገብ ላይ ያለ ስብሰባ በሌላው ከሌለ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል። ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ ባለሥልጣኑን ያልነካ ሕግ ግማሽ ሕግ ነው።

እኛ ጋ መነሻ አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመመሪያ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ ያዛል። ነገር ግን ይህ ግዴታ የሚመለከተው መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡትን መመሪያ ነው፤ አራት ኪሎ ምክር ቤት የሚገባው ረቂቅ አዋጅ ላይ ማን እጁን እንዳስገባ አይነግረንም።

አንድ አደጋም አለ፦ ምዝገባ ወደ ፈቃድ እንዳይለወጥ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ መንገድ ከፍቷል። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት «አልመዘግብህም» የማለት ሥልጣን ካገኘ፣ አፉ የሚዘጋው አቅመ ቢሱ ማኅበር ነው። ስለዚህ ምዝገባው ማሳወቅ ብቻ ይሁን፤ ቅጣቱም ላላሳወቀ ወይም በሐሰት ለሞላ።

ከሥልጣን ለሚወርዱም ሎቢ የማያደርጉበት የእገዳ ጊዜ ያስፈልጋል። አየርላንድ 1 ዓመት፣ ካናዳ 5 ዓመት አድርገዋል። ለእኛ 1 ዓመት ያንሳል፤ የወረደው ሰው የሾማቸው ኃላፊዎች በዚያ ጊዜ ገና ወንበራቸው ላይ ናቸው።