የሩቤላ ምርመራዬ አንዱ ጋ 8 ሌላው ጋ 14 መጣ፣ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው፣ እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ እያሰብን ስለሆነ ቀድሜ ልመርመር ብዬ የሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ የሚሉት) አይጂጂ፣ ማለትም በሽታውን የሚከላከል አንቲቦዲ ደሜ ውስጥ መኖሩን የሚያሳየውን ምርመራ፣ አሰራሁ። የመጀመሪያው ላብራቶሪ 8 ነው አለኝ፣ ወረቀቱ ላይ ኔጌቲቭ ይላል፣ በጣም ደነገጥኩ። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ሳሰራ 14 ሆኖ ፖዘቲቭ ተባልኩ። ልጅ እያለሁ አንድ ጊዜ እንደተከተብኩ የሚያሳይ ካርድ እናቴ አስቀምጣልኛለች። አሁን የቱን ልመን? አንዳቸው ተሳስተው ነው ወይ? ለፀጉሬ ብዬ የምወስደው ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚንስ ውጤት ያበላሻል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ሁለቱም ስራቸውን በትክክል ሰርተው ውጤቱ እንዲህ ሊለያይ ይችላል፣ እኔን የከፋኝ ይሄን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳሽ ሰው ማጣትሽ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እንደ ክብደት የትም ብትለኪ አንድ የሚሆኑ አይደሉም። አብዛኛው ኪት (ላብራቶሪው የሚጠቀምበት የምርመራ ዕቃ) 10 ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትርን መስመር አድርጎ ከዛ በላይ ያለውን መከላከያ አለው ይላል፣ ድሮ እንደውም መስመሩ 15 ነበር። ቁጥሩ የሚስተካከለውም የዓለም ጤና ድርጅት ማመሳከሪያ በሆነው ሩቢ 1-94 በሚባለው ነው፣ ከሰው ደም የተዘጋጀ ኢሚዩኖግሎቡሊን ማለት ነው። ታዲያ ማመሳከሪያው አንድ ከሆነ ለምን ተለያየ ትዪኝ ይሆናል። አንዱ ኪት አንቲቦዲሽን ለመያዝ ሙሉውን ቫይረስ ይጠቀማል፣ ሌላው ኢ1 የምትባለዋን የቫይረሱን ፕሮቲን ብቻ ይጠቀማል፣ ደምሽ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ደግሞ አንድ ዓይነት ሳይሆን ድብልቅ ነው፣ ስለዚህ አንዱ የያዘውን ሌላው ያልፈዋል። በክትባት የመጣ አንቲቦዲ ደግሞ ታሞ ከዳነ ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚያንስ እንዳንቺ የተከተቡ ሴቶች እዛችው መስመሯ ጥግ ላይ ይገኛሉ፣ እዛ ጋ ደግሞ ማሽን ለማሽን ያለው ልዩነት ትንሽም ቢሆን ኔጌቲቩን ፖዘቲቭ ያደርገዋል።

ስለዚህ ሶስተኛ ቦታ ሄደሽ አታሰሪ፣ ሶስተኛ ቁጥር ነው የምታገኚው። ካርድሽ ከሁለቱም ወረቀት ይበልጣል፣ እናትሽን አመስግኚልኝ። የአሜሪካ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ወይ ሁለት ዶዝ እንደወሰደች በጽሁፍ ማስረጃ ያላት በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት አይጂጂዋ ጥርት ያለ ፖዘቲቭ ካልሆነ አንድ ተጨማሪ ዶዝ ትወስዳለች (በጠቅላላው ከ3 ሳይበልጥ)፣ ከዛ በኋላ እንደገና መመርመር አያስፈልጋትም ይላል። እኔም አንቺን የምመክርሽ ይሄንኑ ነው፣ አሁን ስላላረገዝሽ አንዷን ተከተቢና 4 ሳምንት ሳታረግዢ ቆዪ። ክትባቱ የተዳከመ ግን ህይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ካረገዘች በኋላ ያወቀች ከወለደች በኋላ ትከተባለች፣ ጡት ማጥባትም አይከለክላትም።

ባዮቲን ያልሽው እውነት ነው። አንዳንድ ማሽኖች ምርመራው ውስጥ ራሱ ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ይጠቀሙበታል፣ ስለዚህ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ የተረፈው ባዮቲን ገብቶ ይሻማል፣ እንደ ምርመራው አሰራር ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ወይ ከፍ ያደርገዋል። ደም ከመስጠትሽ በፊት እንደምትወስጂ ተናገሪ፣ ለስንት ቀን ማቆም እንዳለብሽም እነሱ ይንገሩሽ።

ይሄን ሁሉ የምለው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። በ1941 አውስትራሊያዊው የዓይን ሀኪም ኖርማን ግሬግ ዓይናቸው ላይ ሞራ ይዘው የተወለዱ ህፃናትን ሲያይ ነው እናቶቻቸው በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ሩቤላ እንደያዛቸው የደረሰበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከያዛት ቫይረሱ ወደ ፅንሱ የማለፍ ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፣ ልብ ይጎዳል፣ ጆሮ ያደነቁራል።

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ሀኪሞች የሩቤላ ውጤታችሁ ይዋዥቃል ይሉናል፣ ምን እናስተካክል?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ኮንትሮልህን፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀውን መፈተሻ ናሙና፣ እይ። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ፖዘቲቭ ኮንትሮል በጣም ከፍ ያለ ከሆነ መስመሩ ጋ ያለውን ችግር አያሳይህም፣ 10 እና 15 አካባቢ የሚያነብ ከሌላ አምራች የመጣ ኮንትሮል ጨምርበት፣ በየቀኑም ቻርት ላይ ነጥብ አድርግ። እኔ በሰራሁበት አንድ ላብራቶሪ አዲስ ሎት (በአንድ ዙር የተመረተ) ሪኤጀንት፣ ማለትም የምርመራ ኬሚካል፣ ከተከፈተ ጀምሮ ኮንትሮሉ 13፣ 13.5፣ 13.9፣ 14.6 እያለ ይወጣ ነበር፣ ሁሉም ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ስለነበረ ማንም ልብ አላለውም፣ በስድስተኛው ቀን ነጥቦቹን በእርሳስ ሳገናኛቸው ነው ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዳገት ሆኖ የታየኝ። የዛን ሳምንት ናሙናዎች ከፍሪዘር አውጥተን በድሮው ሎት ስንደግማቸው 11 ብለን የላክነው 9 ሆነብን፣ የሴትዮዋን ሀኪም ደውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እስከዛሬ አልረሳውም። ከዛ ወዲህ አዲስ ሎት ሲመጣ መስመሩ አካባቢ ያሉ የቆዩ ናሙናዎችን በሁለቱም ሎት ጎን ለጎን ሳልሰራ አልከፍትም።

ሲረሙ (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) ሮዝ ከሆነ፣ ማለትም ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ፣ አዲስ ናሙና ጠይቅ። መስመሩ ላይ የወደቀውን ቦርደርላይን ብለህ ጻፍና በሌላ ዘዴ አረጋግጥ፣ ኢሚዩኖብሎት (አንቲቦዲው የትኛውን የቫይረሱን ፕሮቲን እንደሚይዝ ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ) የሚሰራ ላብራቶሪ ካለ ላክለት። ሁለት ጊዜ የተወሰደ ደም የምታወዳድር ከሆነ የመጀመሪያውን በፍሪዘር አቆይተህ ከ2 ወይ 3 ሳምንት በኋላ ከሚመጣው ጋር በአንድ ዙር ስራቸው እንጂ ያለፈውን ወር ወረቀት ከዛሬ ወረቀት ጋር አታወዳድር። አይጂኤምን (በሽታው በቅርብ ሲይዝ ቀድሞ የሚወጣውን አንቲቦዲ) ደግሞ ሽፍታም ንክኪም ለሌላት ነፍሰ ጡር ዝም ብለህ አትስራ፣ ፓርቮ ቫይረስ ወይም ሩማቶይድ ፋክተር (አንዳንድ የመገጣጠሚያ ህመምተኞች ደም ውስጥ የሚገኝ አንቲቦዲ) በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላልና ሴትዮዋ ደንግጣ ያለ ምክንያት ፅንሷን ልታስወርድ ትችላለች። አይጂኤም ፖዘቲቭ ከመጣ አቪዲቲ (አይጂጂው ቫይረሱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካውን) አሰራ፣ ከፍ ያለ ከሆነ የቆየ ነገር ነው ማለት ነው።

ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ የኪቱንና የማሽኑን ስም አብራችሁ ጻፉ። ከላይ የጠየቀችን እህታችን ወረቀቶች ላይ ይሄ ቢኖር ሀኪሟ 8ቱና 14ቱ ከሁለት የተለያየ ኪት እንደመጡ አይቶ በዚያው ቀን ያረጋጋት ነበር።