መልስ፦ ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ በእግር ያስኬዳል ወይ?
ሥራ ቦታህ አራት ኪሎ ከሆነ፣ ከሽሮ ሜዳ በእግር መሄድ ያዋጣል ወይ ላልከው፣ በደንብ ያዋጣል! ጠዋት መንገዱ ቁልቁለት ነው። ላብ የለ፣ የታክሲ ሰልፍ የለ። የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ሲከፈቱ ትደርሳለህ፤ ቀሚሱን በር ላይ ሲሰቅሉ፣ ነጠላውን አራግፈው ሲያጥፉ እያየህ ታልፋለህ። ከእንጦጦ የሚወርደው አየር የባሕር ዛፍ ሽታ አለው (ወደ ታች ስትወርድ ግን የናፍጣ ጭስ ይረከብሃል)። ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሐውልት ጋ ስትደርስ ከግማሽ በላይ ጨርሰሃል።

ማታ ግን እንዳትሸወድ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ያ ዳገት ከሥራ ድካም ጋር ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ ስመለስ ታክሲ ነው የምይዘው፣ ማንም አልከሰሰኝም። ክረምት ላይ ደግሞ የቢሮ ጫማህን በፌስታል ያዝ።